የገበያ መርዶ

በለጠ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ስልኩን ይፈልጋል፤ ስልኩን የሰረቀችው እኅቱም አብራው ትፈልጋለች። አማረች የሶፋውን ትራስ ገለበጠች፣ አልጋው ሥር በመጥረጊያ እንጨት ጠራረገች፣ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው በተደረደሩት ሦስት የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ሆድ ውስጥ ሳይቀር እጇን እየከተተች «እዚህም የለም፣ ጋሼ» አለች። እንዲህ ዓይነት ውሸት ከዚህ በፊት ዋሽታ አታውቅም፤ ሰው ግን ሲቸግረው ቶሎ ይማራል። ስልኩ ተዘግቶ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ፣ ከቀሚሷ ሥር ወገቧ ላይ ታስሯል። ጎንበስ ባለች ቁጥር ጎኗን ይወጋታል።

ስንቅነሽ ሞታለች። የበለጠ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች፤ በፈረንጅ ዘጠና አንድ አባቷ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲጫን ጎንደር አያቷ ዘንድ የቀረችው። ከዚያ ወዲህ ፋይሏ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል እሷ አገባች፣ ወለደች፣ ፀጉሯም ሸበተ እንጂ ወደ አባቷ አልመጣችም። አባትና ልጅ በየዓርቡ በስልክ እየተያዩ ነው ያረጁት። ሦስት ቀን ታማ ትናንት አረፈች። የጎንደር ዘመዶች ወግ ያውቃሉና ለአባትየው አልደወሉም፤ ለአማረች ደወሉ። አማረችም ነታንያ ለሚኖሩት ለአጎታቸው ለአባ አዳሙ ደወለች፤ እሳቸውም ቆረጡ። «ነገ ዘመድ ይሰብሰብ፤ ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ መጥተን እናረዳዋለን» አሏት። «እስከዚያ ሆድ ይፍጀው በይ። ስልኩን ደብቂ፤ ያሁን ልጆች አስከሬን ሳይነሳ ስልክ ላይ ሻማ ይለጥፋሉ።» የልጅ ሞት ለአባት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ በር አንኳኩቶ፣ ሰው ሞልቶ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። አማረች የቀራት ይህን አንድ ቀን ማሳለፍ ብቻ ነበር። ወንድሟ የልጁን ሞት እንደ ሰው ይረዳ እንጂ ሌላው ቀርቶባት ነበር።

ቤቱ አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሁለት ክፍልና ከመኝታ ቤቱ የሚሰፋ በረንዳ። በለጠ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሰው መንገድ ዳር የሚጥለውን ማጠቢያ ማሽን እየለቀመ፣ እየፈታ፣ እየጠገነ ይሸጣል። አዲሱ ሁለት ሺህ ሸቀል ሲጠየቅበት የሱ በአራት መቶ ይሄዳል፤ ወረቀት የለውም፤ «ሦስት ወር ካልሠራ መልሺልኝ» ይላል፣ እስከ ዛሬም የመለሰችበት የለችም። ሳሎኑ ዘይትና ሳሙና ይሸታል። እንግዳ ሲመጣ አንዱ ማሽን ላይ ጨርቅ ይነጠፍና ጠረጴዛ ይሆናል።

«ኦዴሊያ የምትባል ልጅ ትናንት ማታ ማሽኗን ልትወስድ መኪና ይዛ ልትመጣ ነበር» አለ በለጠ፣ መሀል ወለሉ ላይ ቆሞ። «መያዣ ልካልኛለች። አድራሻውን እልክልሻለሁ ብያት፣ ይኸው ስልኩ ጠፋ። ምን ትለኝ ይሆን?»

«ትጠብቃ። ምን ትሆናለች?»

«ገንዘቡን የሰጠ ሰው አይጠብቅም፣ አማረች። በይ ያንቺን ስልክ ስጭኝና በስልኩ ገበያ ልጻፍላት።»

አማረች ደንገጥ አለች። የሷ ስልክ ከትናንት ጀምሮ በልቅሶ መልእክት ተጥለቅልቋል። «የኔም አልሠራ ብሎኛል» አለች። «ስልክ ጠጋኙ ሊራን ሱቅ ልወስደው ነው። ለልጅቷ ጻፍላት ብዬ እነግረዋለሁ። አንተ ግን ከቤት አትውጣ፤ አንድ ሰውዬ ቀትር ላይ የተበላሸ ማሽን ላምጣ ብሏል። ሲያንኳኳ ክፈትለት።» ሰውዬውን ከየት እንዳመጣችው ራሷም አላወቀች። በለጠ ሥራ ሲባል ፊቱ በራ። «ለሊራን አደራ በይው» አላት በር ላይ። «ስሜ እንዳይበላሽ።»

ስሙ ግን አድሮ ነበር የተበላሸው። አማረች የአውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ቆማ ስልኳን ስትከፍት የወንድሟ ፎቶ ገጭ አለባት። ባለፈው ዓመት በስግድ በዓል ላይ የተነሳው ነው፤ ነጭ ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ። ከፎቶው በላይ በቀይ «ተጠንቀቁ! ገንዘብ ተቀብሎ ስልኩን የዘጋ ሰው» ተብሎ ተጽፏል።

«ገበያችን አፉላ» የሚባለው ይህ የስልክ ገበያ ከሺህ በላይ ሰው አለበት። ሶፋ ይሸጥበታል፣ የሕፃን ጋሪ፣ የሠርግ ቀሚስ፣ ከጎንደር በሻንጣ የመጣ በርበሬ። ፖሊስ የለውም፣ ዳኛ የለውም፤ ያለው ዋስ ነው። አንድ የታወቀ ሰው «እኔ ዋሱ ነኝ» ብሎ ካልጻፈ ማንም አይሸጥም። ዋስ ያዋረደ ደግሞ ፎቶው ይወጣል። ይህችን የፎቶ ሕግ ያመጣት በለጠ ራሱ ነው። ያኔ አንዷ በፍሪጅ ስትታለል ሊራን ሱቅ ሄዶ «እኛ አገር በገበያ ያታለለ በገበያ ፊት ነበር የሚጠየቀው። ፊቱን አሳዩት፤ ስም ከመቃብር በላይ ነው» ብሎ ነበር። ሁሉም አጨብጭቦለታል። አሁን ያጨበጨቡት እዚያው ፎቶው ሥር ተሰልፈዋል። «ያሳፍራል» ይላል አንዱ። «ሽማግሌ መስሎ!» ትላለች ሌላዋ። ማሽኗን በነፃ የጠገነላት ጎረቤት የሳቀ ፊት ለጥፋለች። አንድ ቸር ሰው ደግሞ አድራሻውን ከነፎቁ ጽፎ «ሂጂና ገንዘብሽን አምጪ» ብሏል። አማረች አነበበችው፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ካርዷን ማሳለፍ ረሳችና ሾፌሩ ጮኸባት።

የሊራን ሱቅ ከማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ስልክ ይጠግናል፣ ገበያውንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው፤ አማርኛው እንደ ጠባብ ጫማ ያስቸግረዋል፤ ልቡ ግን ቀና ነው። ሁለት ወታደሮች የስልክ ገመድ ገዝተው እስኪወጡ አማረች ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀች።

«ዶዳ አማረች፣ ምን ላድርግ?» አለ ገና አፏን ሳትከፍት፤ ዶዳ በዕብራይስጥ አክስቴ ማለቱ ነው። «ልጅቷ ለመኪና ከፍላ፣ ሌሊቱን ስትደውል አደረች። ሕጉ የሱ የራሱ ነው። እኔም አፍሬያለሁ።»

«አጥፋው።»

«ምክንያቱን ንገሪኝ።»

አማረች የሱቁን በር ዞራ አየች። ከዚያ ነገረችው። ሊራን የያዘውን ወረንጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ስንቅነሽ?» አለ። «ያቺ በስልክ የምትስቀው?» በየጊዜው የበለጠ ስልክ ምስል እምቢ ሲለው የሚያስተካክልለት እሱ ነበር፤ ስንት ጊዜ እዚችው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለሷ እጁን አውለብልቧል። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አማረችም ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች፤ አለቀሰችና ቶሎ ጠረገችው።

«ራጋ፣ ቆይ፣ አጠፋዋለሁ» አለ ሊራን። «ግን ዝም ብዬ ባጠፋ ዘመዱን ሸፈነ ይሉኛል። ከዚያ ማንም አያምነኝም።»

«ታሟል በል።»

«ሼከር አልጽፍም፣ ዶዳ። ውሸት ከጻፍኩ ገበያው አለቀለት።»

«ልጄ፣ እኔስ ከትናንት ጀምሮ ምን እያረግሁ ነው?» አለች አማረች። ተከራከሩ። በመጨረሻ ፎቶውን ሊያነሳ፣ በምትኩ «በቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡ አልጠፋም» ብሎ ሊጽፍ ተስማሙ። ለኦዴሊያም ደወለ፤ አላነሳችም። ፋብሪካ ናት፣ ፈረቃ ላይ ስልክ አይያዝም፤ ሲያልቅ መልእክቱን እንደምታየው ለአማረች ነገራት። «ስሟን እንዳታነሳ» አለችው አማረች ስትወጣ። «ብሴደር፣ እሺ» አለ። «እሱ ግን ስልክ የለውም አይደል? ምንም አያይም?» የለውም አለችና ወገቧን ነካ አድርጋ አሳየችው። ይህን ማሳየቷን በኋላ ብዙ ጊዜ ታስበዋለች።

ለነገ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ከነታንያ፣ ከቂርያት ጋት፣ ከሃዴራ። ልቅሶ ቤት ባዶ እጁን አይጠብቅም። አማረች ገበያ ገብታ የወረቀት ሳህን፣ የፕላስቲክ ብርጭቆ፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ስኳር ገዛች፤ ሽንኩርቱ እንደ ሥጋ ተወዷል፣ ቢሆንም ሳትከራከር ከፈለች። ሳህኑን ስትጭን ማዓዛ ደረሰችባት፤ የአንድ መንደር ልጅ ናት፣ ወሬ ከሩቅ የምታሸት።

«ይህ ሁሉ ሳህን! ምን ድግስ አለ?»

«እንግዶች አሉብኝ።»

«ይቅናሽ» አለች ማዓዛ፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድምሽን ግን ምን ነካው? በሱ ስም እኮ ነበር ስንምል የኖርነው። ሰው አይታመንም እናቴ» አለች። መልሱ አማረች አፍ ውስጥ ነበር፣ አንድ ቃል ነበር፣ ያንን ቃል ብትናገር ግን ማዓዛ እዚያው ደረቷን ትደቃና ለቅሶው ከአፉላ ገበያ ይጀመራል። «ደኅና ዋይ» ብላት ሄደች። ወንድሟን ሌባ አስብላ መሄዷ ነው፤ እንዲህም ያለ ፍቅር አለ።

ጣቢያው ውስጥ ወንበር አግኝታ ከረጢቶቹን እግሯ ሥር ስታስቀምጥ ስልኳን አየች። ፎቶው ተነስቷል። ሊራን ቃሉን ጠብቆ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ግን ገበያው ተነስቶ ቆሟል። «የቤተሰብ ጉዳይ ማን የለበትም?» ይላል አንዱ። «የማን ዘመድ ነው?» ይላል ሌላው። «ለድሃ ሲሆን ፎቶ፣ ለዘመድ ሲሆን መጋረጃ» ያለችውን ሰባ ሰው ወዶላታል። «እኔም ከእንግዲህ ዋስ አልሆንም»፣ «እኔም ከገበያው እወጣለሁ»፣ «እኔም እወጣለሁ» ይላሉ። ሰው በእውነት ስም ሲጮህ ደስ ይለዋል፤ ድምፁ ያምራል፣ ዋጋ አይከፍልም። ሊራን ገበያው ሲፈርስበት ታየው። ከግማሽ ሰዓት በፊት ይህን ጽፏል፤ «ማስተካከያ። አባ በለጠ ሌባ አይደለም። ስልክ ያልመለሰው ልጁ ስንቅነሽ ጎንደር ውስጥ ስለሞተችበት ነው። እኔ ተሳስቻለሁ። የሰደባችሁት ሁሉ ይቅርታ ጠይቁት።» ከሥሩ ሻማ፣ ሻማ፣ ሻማ። የሚያለቅሱ ፊቶች። ጧት የሳቀችው ጎረቤትም ሻማ ለጥፋለች።

አማረች ስትደውል ሊራን ወዲያው አነሳ። «ምን አደረግህ? ምን አደረግህ አንተ ልጅ?»

«ስልክ የለውም አላልሽም? አያየውም እኮ!» አለ ሊራን። «ሊያጠፉት ነበር ገበያውን። ስሙን ላጥብለት ብዬ ነው። አሁኑኑ አነሳዋለሁ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለችውና ዘጋችበት። ከረጢቶቹን አንጠልጥላ ወደ ታክሲዎቹ ሮጠች። በዕድሜዋ ታክሲ ይዛ ጊቫት ሃሞሬ ወጥታ አታውቅም። ሾፌሩ ስለ ሙቀቱ ያወራል፤ እሷ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች፤ ሲያንኳኩ ክፈት ብላው ነው የወጣችው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሳሎኑ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች፤ የፋብሪካ ልብሷን አላወለቀችም፣ የፀጉር መሸፈኛው ግንባሯ ላይ መስመር ጥሎባታል። በጨርቅ የተሸፈነው ማሽን ላይ የኬክ ካርቶን ተቀምጧል። በለጠ ሌላኛው ማሽን ፊት ተንበርክኮ ከታች ያለችውን ክዳን ከፍቷል። «ይህችን በየወሩ ትከፍቻትና ክሩን፣ አዝራሩን ታወጪያለሽ» ይላል። ድምፁ እንደ ወትሮው ነው። «ሰው ይረሳታል። ብዙ ማሽን የሚሞተው በዚች ነው።» ሴትየዋ ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች ራሷን ትነቀንቃለች። አማረችን ስታይ ሮጣ ወደ በሩ መጣች።

ኦዴሊያ ደረጃው ላይ ነገረቻት፣ ግማሹን በዕብራይስጥ። ፈረቃዋ ሲያልቅ ማስተካከያውን አየች። ሌባ ያልኩት ልጁ የሞተችበትን ሰው ነው ብላ ልብሷን ሳትቀይር ወጣች። ሺቫ፣ የሰባት ቀን ልቅሶ፣ ተቀምጧል፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል ብላ ኬክ ገዛች፣ ገበያው ላይ የተጻፈውን አድራሻ ይዛ፣ ወንድሟን ከነመኪናው አስነስታ መጣች። በሩን ራሱ ከፈተላት። «አባ በለጠ፣ ስሊሓ፣ ይቅርታ፣ ስለ ልጅህ አዝናለሁ» አለችው። እሱም «የትኛዋ ልጄ?» አላት። እሷም ያነበበችውን ስም ጠራችለት።

«በሩን ያዘ» አለች ኦዴሊያ። «ከዚያ ግቢ፣ ማሽንሽ ደርሷል አለኝ። ዶዳ፣ አላወቅሁም። በእናቴ፣ አላወቅሁም። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ወዲያው አይነገርም እንዴ?» አማረች ልትሰድባት ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። ግን ልጅቷ በር ድረስ ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣች ብቸኛዋ ሰው ነበረች። ከሺህ ሰው አንዷ። ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና ወደ ውስጥ ገባች።

የኦዴሊያ ወንድም ከመኪናው ወጥቶ መጣና ማሽኑን አወረዱ፤ በለጠም በአንድ ጎኑ ይዞ ደረጃውን እስከ ታች ወረደ፤ መዞሪያው ላይ «ቀስ፣ ቀስ፣ ግድግዳ እንዳይነካት» ይላል። ተመልሶ ሲወጣ ሰው አልነበረም፤ እኅቱ ብቻ ከረጢቶቿ መካከል ቆማለች። ከአንደኛው ከረጢት የወረቀት ሳህኑ ብቅ ብሎ ይታያል። በለጠ አየው። ስንት ሳህን እንደሆነ፣ ለስንት ሰው እንደሆነ አየና ዓይኑን መለሰ። አማረች ወገቧን ፈትታ ሻሹን ገልጣ ስልኩን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«ጠፍቷል አላልሽም?» አላት። «እስከ ነገ ይጥፋ።»

«ጋሼ...»

እጁን አነሳና ዝም አሰኛት። «ማን ማን ነው የሚመጣው?»

«አባ አዳሙ። የነታንያዎቹ ሁሉ። ከቂርያት ጋትም አሉ።»

«መቼ?»

«ነገ ጎህ ሲቀድ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እኔ ገና አልሰማሁም» አለ። «ሽማግሌ ከነታንያ ድረስ ሊያረዳኝ እየመጣ ከገበያ ሰማሁ አልለውም። ልጄ በገበያ አትረዳም።»

ከዚያ ሥራ ጀመረ። የቀሩትን ማሽኖች አንድ በአንድ እየገፋ በረንዳ አወጣቸው። ኬኩን ሳይከፍት ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው። ወለሉን ጠረገ፣ የዘይቱን ቦታ በሳሙና ፈተገ፣ ከመኝታ ቤት ፍራሾቹን ጎትቶ በግድግዳው ዙሪያ አነጠፈ። ሶፋውን ወዴት ቢያዞሩት ብዙ ሰው እንደሚይዝ ከእኅቱ ጋር ተመካከረ። «ሴቶቹ በዚህ በኩል ይሁኑ፤ ንፋስ አለው» አለ። አማረች እሺ፣ እሺ ትላለች። ምስሩን ትለቅማለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ዓይኗን እንባ ሲሞላው በሽንኩርቱ ታሳብባለች፣ እሱም በሽንኩርቱ ያምናታል። እሷ ብታለቅስ እሱ ሰማ ማለት ነው። እሱ ብታለቅሺ ይሻላል ቢላት ኖሮ አገር ይያዝልኝ ብላ ትጮህ ነበር፤ አላላትም። ከታች መንገዱ ላይ መኪኖች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ጎረቤት ቴሌቪዥን ከፍቷል። የመጨረሻዋን ፍራሽ አንጥፎ እዚያው ፍራሹ ላይ ቁጭ አለ፤ የማታዋ ፀሐይ ከበረንዳው ላይ ስትሸሽ እያየ። አማረች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቢላዋ እንደያዘች ቆመች።

«አማረች» አላት ሳያያት።

«አቤት ጋሼ።»

«ነገ ሲነግሩኝ ግን አጥብቃችሁ ያዙኝ።»